ምት
«ምት» ከ«መታ» የወጣ ቃል ነው፤ ከበሮም ልብም ይመታሉ። ቦንጋ ላይ ለመስቀል ወይም ለካፊቾ ዘመን መለወጫ፣ ለማሽቃሮ፣ መብራትን በዘፈን ላስጨፍር የሚል ሰው አስቀድሞ የሚቆጥረውም ምቱን ነው። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በየግማሽ ሴኮንዱ ይመታል፤ አምፖሉም ያኔ ይበራል። ችክችካ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። በስድስት የሚቆጠር ስልት ነውና አምፖሎቹን የሚያዘው ኮምፒውተር በአራት ከቆጠረው መብራቱ እንደ ሰከረ እስክስታ ወራጅ ይንገዳገዳል። (ይህን ስህተት ብዙዎች በዘፈኑ ያሳብባሉ።) ድምፅ ደግሞ ከብርሃን ይዘገያል፦ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከድምፅ ማጉያው 34 ሜትር የራቀ ተመልካች ዘፈኑን የሚሰማው ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ በኋላ ነው። መብራት የምታቀናብሩ ሁሉ፣ ሕዝቡ ከሚቆምበት ቦታ ቆማችሁ ሞክሩት።