በራዲዮ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ታሪክ

የመጀመሪያ ራዲዮውን ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ተማሪ ሱቅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ነው? ድምፁስ እንዴት ነው? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ኪስን ያላማከረ ሸመታ የለምና። ይሁን እንጂ ከሁለቱም መቅደም ያለበት ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ይህ ዕቃ የማንን ድምፅ እንዲያመጣልን ታስቦ ተሠራ? የማንንስ እንዳያመጣ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የቴክኒክ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው። በራዲዮ ሰሌዳ ላይ የሰፈሩት ቁጥሮች፣ ይልቁንም ያልሰፈሩት፣ መንግሥታትና አድማጮች ለብዙ ዘመን የተሟገቱበትን ድንበር ያሳያሉ። (የአገራችንን ዘመን በእኛው አቆጣጠር፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።)

በቅድሚያ ስለ አጭር ሞገድ ጥቂት እንበል። የኤፍ.ኤም. ሞገድ እንደ ዓይናችን ነው፤ ተራራ ከጋረደው አያልፍም። መካከለኛው ሞገድ በቀን መሬት ለመሬት እየተጓዘ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሲመሽ ይርቃል። ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ያለው አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ያሳደረበትን የላይኛውን አየር ሲነካ ታጥፎ ይመለሳል፤ ከምድር ነጥሮም እንደገና ይወጣል። ይህ የአየር ንብርብር መኖሩን ኬነሊና ሄቪሳይድ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1902 ገምተው ነበር፤ በ1924 ኤድዋርድ አፕልተን በሙከራ አረጋገጠው። እንግዲህ አጭር ሞገድ ባሕርም ኬላም አያግደውም፤ ቪዛም አይጠየቅም። መንግሥታት ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ራዲዮ ሞስኮ በ1929፣ የቢ.ቢ.ሲ. የግዛተ አፄ አገልግሎት በታኅሣሥ 1932 ለውጭ አድማጭ መናገር ጀመሩ።

ነገር ግን ወደ ውጭ መናገርን የወደደ መንግሥት ሁሉ፣ ሕዝቡ ከውጭ መስማቱን አልወደደለትም። ታዲያ ምን ይደረግ? ሰማዩን መዝጋት አይቻልም። የቀረው መንገድ ወደ ተቀባዩ ዕቃ መምጣት ነበር።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን ጀርመን ናት። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 በነሐሴ ወር፣ በርሊን በተከፈተው የራዲዮ ኤግዚቢሽን አንድ አዲስ ዕቃ ለሕዝብ ቀረበ። ስሙ በጀርመንኛ «የሕዝብ መቀበያ» ማለት ነው። መለያ ቁጥሩ 301 ሲሆን፣ ሂትለር መራሔ መንግሥት የሆነበትን ጥር 30ን ለማስታወስ የተሰጠ ነው። ዋጋው 76 ማርክ ነበር፤ በ1938 ደግሞ ከዚያም ያነሰ፣ በ35 ማርክ የሚሸጥ ሌላ ሞዴል ወጣ። ርካሽ ነው፣ ለሠራተኛው ቤት ይበቃል። ግን አጭር ሞገድ አልነበረውም። ረጅምና መካከለኛ ሞገድ ብቻ ነው የሚይዘው። ጦርነቱ በጀመረበት ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1939፣ የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ በአዋጅ ወንጀል ሆነ፤ ማስጠንቀቂያውም በካርድ ታትሞ ራዲዮው ላይ ይንጠለጠል ጀመር። ሆኖም ጆሮ መላ አያጣም። ሌሊት ሌሊት የመካከለኛው ሞገድ ስለሚርቅ፣ በዚያችው በርካሿ ራዲዮ ሎንዶንን ያዳመጡ ብዙዎች ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ እንድንል የምንፈልገው፣ ርካሽነቱ እውነተኛ ስጦታ መስሎ ሳለ አንድ ነገር ተቀንሶበት መሰጠቱን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሶቭየት ኅብረት ነው። አገሪቱ እጅግ ሰፊ በመሆኗ ራሷም ያለ አጭር ሞገድ መኖር አትችልም ነበር፤ ስለዚህ እንደ ጀርመኖቹ ጨርሶ ማስቀረት አልሆነላትም። የተደረገው ሌላ ነው። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሠሩት ራዲዮዎች ከ25 ሜትር ባንድ በታች እንዳይወርዱ ተደረገ፤ በቀን የሩቅ ጣቢያ የሚሰማባቸው 19፣ 16 እና 13 ሜትር ተቆረጡ። ከ1960 ጀምሮ በሪጋ ከተማ፣ ቪኢኤፍ በተባለው ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ስፒዶላ የተባለ ዝነኛ ትራንዚስተር ራዲዮ ለዚህ ማስረጃ ነው። ለውጭ ገበያ ሲላክ እነዚያ ባንዶች ይገቡለታል፤ ለአገሬው ሲሆን ይቀሩበታል። ያው ፋብሪካ፣ ያው ሠራተኛ፣ ግን ሁለት ዓይነት ጆሮ! ታዲያ ብየዳ የሚችል ወጣት ዕቃውን ከፍቶ የተቆረጠውን ባንድ ራሱ ይጨምርበት ነበር። መንግሥት በበኩሉ ሞገድ የሚያፍኑ ጣቢያዎችን አቆመ። አፈናው በከተማ ይበረታል፣ በገጠር ይላላል፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ራዲዮውን ይዞ ገጠር የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር። በጃንዋሪ 1987 የቢ.ቢ.ሲ. አፈና፣ እስከ ኖቬምበር 1988 ደግሞ የሌሎቹ ቆመ። ታሪክ ቀልድ ታውቃለችና፣ በኦገስት 1991 ጎርባቾቭ ራሱ ክራይሚያ ውስጥ በቁም እስር ሲያዝና ስልኩ ሲቆረጥበት፣ ጠባቂዎቹ አሮጌ ራዲዮ ፈልገው አገናኙለት። አገሩ ምን እንደሆነች የሰማው ከእነቢ.ቢ.ሲ. ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ አፍሪቃ ያመጣናል። ፍራንዝ ፋኖን በ1959 ባሳተመው የአልጄሪያ አብዮት መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠው ለራዲዮ ነው። እንደ እርሱ ትንታኔ፣ አልጄሪያዊው ለብዙ ዘመን ራዲዮ ከቤቱ ሳያስገባ የኖረው በገንዘብ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ዕቃው ፈረንሳዊ ለፈረንሳዊ የሚናገርበት ስለሆነ ነበር። በ1956 መጨረሻ የትግሉ ድምፅ በአየር ላይ ሲውል፣ በሱቅ የነበረው ራዲዮ ከሃያ ቀን ባነሰ ጊዜ ተጠራርጎ አለቀ። ገጠሩ መብራት ስለሌለው በድንጋይ የሚሠራው ተፈላጊ ነበር። ባለሥልጣኖቹም ይህን ተረድተው የራዲዮ ሽያጭ በፈቃድ ወረቀት ብቻ እንዲሆን አዘዙ፤ ድንጋዩንም ከገበያ አነሱት። ይህ እኮ ትልቅ ትምህርት ነው! ሰሌዳውን መቁረጥ ያልቻለ ኃይል ድንጋዩን ይቆርጣል። አፈናው ሲበረታም አንዱ ጆሮውን ከራዲዮው አስጠግቶ፣ ከጩኸቱ መካከል የለቀማትን ቃል በዙሪያው ለተቀመጡት ይነግራቸው ነበር።

የእኛስ? በአገራችን የአጭር ሞገድ ታሪክ የሚጀምረው ከመስማት ሳይሆን ከመናገር ነው። የአቃቂው ጣቢያ በጥር 1927 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠራው የጣልያን ኩባንያ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን የጣልያንን ወረራ ለዓለም ሕዝብ ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ሆነ። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ደግሞ ብሥራተ ወንጌል የተባለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት በሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ለአፍሪቃና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ይናገር ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። አንቴናው ያው፣ ድምፁ ሌላ።

በዚሁ ዘመን ከውጭ የሚመጣውም አማርኛ እየበዛ ሄደ። የጀርመን ድምፅ በመጋቢት 1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1982 የአማርኛ ፕሮግራም ጀመሩ። በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማዞሪያውን በቀስታ እያንቀሳቀሱ መስማት፣ የደከመውንም ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አንድ ምሽት መጨመር፣ የወላጆቻችን ትውልድ በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላም ነገሩ አልቀረም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መንግሥታቸው የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን እየተዘጋጀ መሆኑን ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናግረዋል፤ ጣቢያውንም ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አነጻጽረውታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ሞገድ ራዲዮ የሚገዛ ጓደኛችን ምን ይመልከት?

ሀ/ ስፋቱን። «10 ባንድ» ወይም «12 ባንድ» የሚል ጽሑፍ አያታልለን። ባንዶቹ ተቆራርጠው በመካከላቸው ያለው ቦታ የማይከፈት ከሆነ፣ ጣቢያው ከአፈና ሲሸሽ ወደዚያ ከዞረ አናገኘውም። ከተቻለ ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ሳይቋረጥ የሚሄደውን እንምረጥ፤ ካልተቻለ ቢያንስ ለምሽት 49፣ 41 እና 31፣ ለቀን 19 እና 16 ሜትር መኖራቸውን እንይ። 25 ሜትር በሁለቱ መካከል ድልድይ ነው። ሲመሽ ረጅሞቹ፣ ሲነጋ አጭሮቹ ይሠራሉና ግማሹ ብቻ ያለው ራዲዮ ግማሽ ቀን ይተኛል።

ለ/ ቁጥሩን። መርፌ ብቻ ያለው ርካሽ ራዲዮ ሰፊ ባንድን በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ስለሚያጭቅ፣ ትላንት ያገኘነውን ጣቢያ ዛሬ እናጣዋለን። እ.ኤ.አ. በ1980 ሶኒ አይ.ሲ.ኤፍ.-2001 የተባለውን አውጥቶ፣ ቁጥሩን እንደ ስልክ ጫን ጫን አድርጎ ወደ ጣቢያው መሄድ እንደሚቻል አሳየ። ያኔ ዋጋው የሀብታም ነበር፤ ዛሬ ግን ቁጥር የሚያሳዩ ትንንሽ ራዲዮዎች ብዙ ናቸው። ጣቢያዎች በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለሚሰለፉ ቁጥሩ በትክክል መታየቱ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሐ/ መለየቱን። ሩቅ መስማት ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ጎረቤታሞችን መለየትም አለበት። ጠባብና ሰፊ መምረጫ ቁልፍ ካለው እሰየው። ቀላል ሥራ ባላቸው ራዲዮዎች ላይ ደግሞ አንድ ኃይለኛ ጣቢያ በሁለት ቦታ ይሰማል፤ ሁለተኛው ከእውነተኛው 910 ኪሎ ኸርዝ ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ጥላው ነው። ጥላውን እንደ አዲስ ጣቢያ ቆጥሮ መደሰት የጀማሪ ወግ ነው።

መ/ ድንጋዩን። የአልጄሪያን ነገር አንርሳ። በየመንደሩ ሱቅ በሚገኝ ተራ ድንጋይ የሚሠራውን፣ ልዩ ባትሪ ከሚፈልገው እናስቀድም። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ራዲዮ እንጂ አብሮ የሚጠፋ አንፈልግም።

ሠ/ ቦታውን። በሱቅ ውስጥ ምንም ባይሰማ ዕቃውን አንኮንነው፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮው፣ የስልክ ቻርጀሩና የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሉ የሚፈጥሩት ጩኸት ደካማውን ሞገድ ይውጡታል። ደጅ ይዞ ወጥቶ መሞከር፣ ቤት ውስጥም መስኮት አጠገብ አድርጎ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከአንቴናው ጋር ማያያዝ፣ ብዙ ብር ከሚጨመርበት ራዲዮ ይበልጣል።

«በስልክ ዘመን ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚለን አይጠፋም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የኔዘርላንድስና የካናዳ ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አጭር ሞገድን ተሰናብተዋል፤ ሌሎችም ቀንሰዋል። ሰሌዳው እንደ ድሮው አልሞላም። ሆኖም ሁለት ነገር እናስብ። አንደኛ፣ ስልክ የሚሰማው መስመሩን የያዘው ሲፈቅድ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት በ2022 እና የሱዳን ጦርነት በተነሣበት በ2023፣ ቢ.ቢ.ሲ. ለሁለቱም አገሮች አድማጮች የአስቸኳይ ጊዜ ሥርጭት በአጭር ሞገድ ከፍቷል። ሁለተኛ፣ በስልክ ማን ምን እንደሰማ ይመዘገባል። ራዲዮ ግን ዱካ አይተውም፤ ላኪው ራሱ አድማጩን አያውቀውም።

ይህን ስንል ከሩቅ የመጣ ድምፅ ሁሉ እውነት ነው ማለታችን አይደለም። እያንዳንዱ ጣቢያ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ጉዳይ አለው። ሚል ኮሊን ራሱ ራዲዮ ሰው ሊያስገድል እንደሚችል በ1994 አሳይቷል፤ በኤፍ.ኤም.፣ በቅርብ፣ በአገሬው ቋንቋ። ሰፊ ሰሌዳ የሚሰጠን ማነጻጸርን ነው። እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በመማሪያ ክፍል አንድ ምንጭ ብቻ ይዞ የሚጽፈውን እንነቅፋለን፤ ማታ ቤታችን ገብተን አንድ ድምፅ ብቻ የምንሰማ ከሆነ ግን ነቀፌታው ለማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ራዲዮውን የገዛችሁ ጓደኞቻችን፣ አብራችሁ አንድ ደብተር ግዙ። ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ጣቢያውን ጻፉ። ከዚያም አንዱን ዜና ከሦስት ጣቢያ ስሙና አንዱ የተናገረውን ሌላው የዘለለበትን ቦታ አስምሩበት። የታሪክ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ መስመር ነው።