በንግድ መርከቦች የሠራተኞች ድካም፡ ሕጉ፣ መዝገቡና አሠራሩ

ከዓለም አቀፉ የሸቀጥ ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በባሕር ይጓጓዛል። ጭነቱን የሚያመላልሱት መርከቦች ሌት ተቀን የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው ሠራተኞቻቸው በፈረቃ ይሠራሉ፤ ወራት የሚፈጀውን ጉዞም በሥራ ቦታቸው እየኖሩ ያሳልፋሉ። በመሆኑም የባሕረኞች ድካም ከግለሰብ ጤና አልፎ የመርከቡ፣ የጭነቱና የባሕር አካባቢው ደኅንነት ጉዳይ ነው።

የድካም መንስኤዎች

የእንቅልፍ እጥረት፣ የሌሊት ሥራ፣ የሞተር ጫጫታና ንዝረት እንዲሁም ማዕበል ለድካም ይዳርጋሉ። ጫናው የሚበረታው ግን ብዙውን ጊዜ በወደብ ቆይታ ወቅት ነው። ጭነት መጫንና ማራገፍ፣ የተቆጣጣሪዎች ፍተሻና የሰነድ ሥራ የዕረፍት ሰዓቱን ይሻሙታል። መርከቡ ሥራውን እንዳጠናቀቀ ስለሚነሣም ያላረፈው መኮንን ወዲያውኑ የጉዞ ፈረቃ ይረከባል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2010 ሸን ነንግ 1 የተባለው የቻይና መርከብ 68 ሺህ ቶን ያህል የድንጋይ ከሰል ጭኖ ከአውስትራሊያ ግላድስተን ወደብ በተነሣበት ዕለት በግሬት ባሪየር ሪፍ የኮራል አለት ላይ ወጥቶ ተቀርቅሯል። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ ባደረገው ምርመራ፣ በፈረቃው ላይ የነበረው ዋና መኮንን ከአደጋው በፊት በነበሩት 38 ሰዓት ተኩል ውስጥ የተኛው 2 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ መሆኑ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ በአላስካ ከ40 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ላፈሰሰበት አደጋም የአሜሪካ መርማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የሦስተኛው መኮንን ድካምና የሥራ ጫና ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1978 የጸደቀውና በ2010 በማኒላ የተሻሻለው የባሕረኞች የሥልጠና፣ የምስክር ወረቀትና የፈረቃ ጥበቃ ስምምነት አንድ ባሕረኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀናት ውስጥ ደግሞ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። የዕለቱ ዕረፍት ከሁለት በላይ መከፈል የለበትም፤ አንደኛው ክፍልም ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የማሪታይም የሠራተኞች ስምምነትም ተመሳሳይ ወለል አስቀምጧል። የዕረፍት ሰዓት በመዝገብ ይሰፍራል፤ ባሕረኛውም የተፈረመበት ቅጂ ይደርሰዋል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። በስዊድን ማልሞ የሚገኘው የዓለም ማሪታይም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ጥናት፣ ሰዓቱ ከሕጉ ጋር እንዲስማማ መዝገብን ማስተካከል በዘርፉ የተለመደ መሆኑን አመልክቷል። ለዚህም የሠራተኞችን ቁጥር ማነስ እንደ መሠረታዊ ምክንያት አቅርቧል። በዚህ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የሚመለከተው የተሟላ ሰነድ ቢሆንም መርከቡን የሚመራው እንቅልፍ ያጣ ሰው ሊሆን ይችላል።

የመከላከያ እርምጃዎች

ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው መመሪያ ድካምን የመከላከል ኃላፊነት ከባሕረኛው ባሻገር የመርከብ ባለቤቶችና መንግሥታት ጭምር መሆኑን ያስገነዝባል። ከዋና ዋናዎቹ እርምጃዎች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

- የሠራተኞችን ቁጥር ከትክክለኛው የሥራ መጠን ጋር ማመጣጠን፤
- በጭነት ሥራ ላይ ያደረ መኮንን የመጀመሪያውን ፈረቃ እንዳይረከብ ማድረግ፣ ካልተቻለም የመነሻ ሰዓቱን ማዘግየት፤
- ሁለት መኮንኖች ብቻ በየ6 ሰዓቱ ከሚፈራረቁበት አሠራር ይልቅ 4 ሰዓት ሠርቶ 8 ሰዓት ማረፍ የሚያስችለውን መምረጥ፤
- በሌሊት ከመኮንኑ ጋር ተጨማሪ ጠባቂ መመደብ።

በመርከቡ ማዘዣ ክፍል የሚገጠመው የማንቂያ መሣሪያ ከ3 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ልዩነት የመኮንኑን ንቃት ይፈትሻል። መሣሪያው ያሸለበውን ይቀሰቅሳል እንጂ ድካሙን አያስወግድም።

ለኢትዮጵያ ያለው አንድምታ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ሰንደቅ ዓላማዋን የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች አሏት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ ምሩቃንም በውጭ አገር መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ለአንድ መርከብ ደኅንነት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የሠራተኞች ቁጥር የሚያጸድቀው ሰንደቅ ዓላማውን የሰጠው አገር ነው። በመሆኑም የዕረፍት መዝገብን ከወደብና ከጭነት ሰነዶች ጋር አመሳክሮ መመርመር፣ ቁጥሩንም ሲያጸድቁ የወደብ ሥራን ጨምሮ ማስላት ከሚመለከታቸው አካላት ይጠበቃል።