የተነፈሱት ኳሶችና ያልተመዘገበው ልኬት

ሞላላ ኳስ በእጅ እየተወረወረና እየተያዘ በሚካሄደው የአሜሪካ እግር ኳስ፣ የብሔራዊ ሊጉ ደንብ የኳሱ የአየር ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች ከ12.5 እስከ 13.5 ፓውንድ እንዲሆን ያዝዛል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ቡድን ሲያጠቃ የሚጠቀምባቸውን ኳሶች ራሱ እንዲያቀርብ በመፈቀዱ፣ ኳሱን ለኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን ለሚመራው ወርዋሪ፣ እጅ እንዲስማማ አድርጎ ማሰናዳት የቡድን ሠራተኞች የዘወትር ተግባር ሆነ፤ ነፋሱ ጥቂት የጎደለ ኳስ ለስለስ ስለሚል በብርድና በዝናብ ለመጨበጥ ይቀላልና።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2015 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ በማሳቹሴትስ ግዛት በፎክስቦሮ ሜዳው ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን ባስተናገደበት ጨዋታ፣ ኮልትሶች የባለሜዳው ኳሶች መተንፈሳቸውን አመለከቱ። በዕረፍት ሰዓት የተለኩት 11 የፓትሪዮትስ ኳሶች ሁሉም ከ12.5 በታች ሆነው ሲገኙ፣ ከኮልትስ በኩል ግን ጊዜ በማጠሩ የተለኩት 4 ብቻ ነበሩ። ኳሶቹ ነፋስ ተጨምሮላቸው ጨዋታው ሲቀጥል፣ 17 ለ7 ይመራ የነበረው ፓትሪዮትስ 45 ለ7 አሸነፈ።

በጠበቃው ቴድ ዌልስ የተመራው ምርመራ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ባወጣው ሪፖርት፣ ሁለት የቡድኑ ሠራተኞች ነፋሱን ሆን ብለው ማስወጣታቸው፣ ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲም ነገሩን ቢያንስ በጥቅሉ ማወቁ፣ ካለመሆን ይልቅ የመሆን ዕድሉ እንደሚያመዝን ደመደመ። ለዚህም ሠራተኞቹ በስልክ የተጻጻፉትን መልእክትና አንደኛው የኳሶቹን ከረጢት ይዞ መጸዳጃ ክፍል ውስጥ የቆየባቸውን 100 ሰከንዶች በማስረጃነት አቀረበ። ድምዳሜውን የተቃወሙ በበኩላቸው የጋዝን ሕግ ጠቀሱ፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ በሞቃት ክፍል የተነፋ ኳስ ብርድ ላይ ሲወጣ ማንም ሳይነካው ይተነፍሳል። የሪፖርቱ ባለሙያዎች ራሳቸው በ12.5 የተነፋ ኳስ በተፈጥሮ ብቻ ከ11.32 እስከ 11.52 ሊወርድ እንደሚችል አስልተዋል። ሆኖም ዳኞቹ የያዟቸው ሁለት መለኪያዎች እርስ በርስ አይስማሙም ነበር፤ በአንደኛው የፓትሪዮትስ ኳሶች አማካይ 11.49 ሲሆን በሌላኛው 11.11 ሆኗል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከጥርጣሬ ነጻ ሲያወጣ ሁለተኛው ይኮንናል። ዋና ዳኛው ከጨዋታው በፊት የለካበት የትኛው እንደሆነ ከትዝታው ሲናገር ሪፖርቱ ሌላኛው ነው ብሎ ወሰነ፤ የመነሻው ልኬት በጽሑፍ አልሰፈረምና።

ሊጉ ብሬዲን በ4 ጨዋታ እገዳ፣ ቡድኑን በ1 ሚሊዮን ዶላርና ሁለት የአዳዲስ ተጫዋቾች መምረጫ ዕድሎችን በመንጠቅ ቀጣ። የፌዴራል ዳኛው ሪቻርድ በርማን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 እገዳውን ሲሽሩት፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 በ2 ለ1 ድምፅ መለሰው። ሆኖም የይግባኙ ውሳኔ የተመሠረተው የሊጉ ኮሚሽነር በኅብረት ስምምነቱ ባለው የመቅጣት ሥልጣን ላይ እንጂ ነፋሱ በሰው እጅ ወጥቷል ወይስ አልወጣም በሚለው ላይ አልነበረም።

ሊጉ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኳሶች ቁጥር እንዲሰጣቸውና ልኬታቸው እንዲመዘገብ አዘዘ። ይህ ደንብ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ በዚያው ምሽት ባለቀ ነበር፤ ባለመኖሩ ግን ብሬዲ የተቀጣው በተረጋገጠ ጥፋት ሳይሆን በሚያመዝን ግምት ነው።