ሳይታቀድ የተነገረ፣ ታቅዶ የተጻፈ፦ የቡና አመጣጥ ትረካና ማንኪራ

አንድን ትረካ መነሻውንና መድረሻውን አስቀድሞ ወስኖ መጻፍና፣ በሚነገርበት ቅጽበት ከተራኪው አፍ እንደፈለቀ እንዲሄድ መተው፣ በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይታያሉ፤ የመጀመሪያው የደራሲ ሥራ፣ ሁለተኛው የተረት ነጋሪ ወግ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አከፋፈል ብዙ እንደማያስኬድ ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ በካፋ ዞን፣ በዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ከተማ በስተደቡብ ከሚገኘው ከማንኪራ ጫካ ጋር የተያያዘው የቡና አመጣጥ ትረካ ነው። ዛሬ በሰፊው በሚታወቀው መልኩ፣ ካልዲ የተባለ እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነድቁ አይቶ ፍሬውን ወደ ገዳም ይወስዳል፤ በገዳሙም የፍሬው ነቃ የማድረግ ኃይል ይታወቃል፤ የዚህ ሁሉ መነሻም ማንኪራ ነው ይባላል። ይህን ትረካ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር አልነደፈውም። ቢሆንም በየዘመኑ ብዕር ያነሣ ሰው የራሱን ንድፍ ጨምሮበታል፤ ስለዚህም የታቀደውና ሳይታቀድ የመጣው ክፍል የት ላይ እንደሚለያዩ በሰነዶች መከተል ይቻላል።

ስለ ቡና መጠጥ አጀማመር ከሚናገሩት ቀደምት ጽሑፎች መካከል ዋነኛው፣ ዓብዱልቃድር አል-ጀዚሪ የተባለ ሊቅ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፍየል የለም፤ እረኛም የለም። መጽሐፉ የሚያወሳው በየመን የነበሩ ሱፊዎችን፣ ማለትም ሌሊቱን በጸሎትና በዝክር የሚያሳልፉ የእስልምና መናንያንን ሲሆን፣ ከመካከላቸውም በ1470 እ.ኤ.አ. ያረፈው የዓደን የሕግ ሊቅ አል-ዘብሓኒ ከባሕሩ ማዶ በአፍሪቃ በኩል ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አይቶ ልማዱን ወደ አገሩ እንዳስገባ የሚተርክ ዘገባ ይገኝበታል። አል-ጀዚሪ የሕግ ክርክር ጸሐፊ ነበርና፣ የሚያስፈልገው ቡና መጠጣት የተፈቀደ መሆኑን የሚያስረዳ የሊቃውንት የምስክርነት ሰንሰለት እንጂ አድማጭን የሚያስቅ ታሪክ አልነበረም። ዕቅዱ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ወስኗል።

እረኛው በኅትመት ብቅ ያለው በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም ነው። ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ፣ ከሊባኖስ ማሮናውያን ወገን የሆነና በሮም ያስተምር የነበረ ምሁር በላቲን ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ በየመን አንድ የግመል እረኛ፣ ሌሎች እንደሚሉት ደግሞ የፍየል እረኛ፣ መንጋው ሌሊት አልተኛ ብሎ እንዳስቸገረው ለገዳም መነኮሳት አቤት ማለቱን፣ የገዳሙም አለቃ ፍሬውን አፍልቶ መነኮሳቱ በሌሊት ጸሎት እንዳያንቀላፉ ማጠጣቱን ጽፏል። በዚህ ጽሑፍ ካልዲ የሚል ስም የለም፤ ኢትዮጵያም ካፋም አልተነሡም። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን «ሌሎች እንደሚሉት» የሚለው ሐረግ ነው። ግመልና ፍየል ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መቅረታቸው፣ ናይሮን ትረካውን ከአንድ መጽሐፍ ሳይሆን ከተለያዩ አንደበቶች መስማቱንና፣ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ያለበት ደራሲ ሆኖ ራሱን አለመቁጠሩን ያመለክታል።

ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1699 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው አንትዋን ጋላን የዐረብኛውን መጽሐፍ መሠረት አድርጎ ስለ ቡና አጀማመር ሲጽፍ የናይሮንን እረኛ እንደ ተረት ቆጥሮ ነቀፈው። ሰነድ ለያዘ ሰው ነቀፌታው ተገቢ ነበር፤ ነቃፊው ማን እንደሆነ ሲታሰብ ግን ነገሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ይኸው ጋላን ከጥቂት ዓመታት በኋላ «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» የተባለውን የተረት ስብስብ ለአውሮጳ አንባቢ ያስተዋወቀ ሰው ነውና። በ1709 እ.ኤ.አ. ሐና ዲያብ የተባለ የሐለብ ሰው በፓሪስ ተረቶችን በቃሉ ሲነግረው፣ ጋላን ብዙዎቹን አሳጥሮ በዕለት ማስታወሻው ላይ አሰፈረ፤ ቆይቶም ረዥም አድርጎ ጻፋቸው። ዓሊ ባባ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ተራኪው ሳይጽፍ ተናገረ፣ ጸሐፊው አጭር ንድፍ ያዘ፣ ከንድፉም መጽሐፍ ወጣ። ናይሮን ላይ የተሰነዘረው ትችት በጋላን ሥራ ላይ ቢሰነዘር መልሱ ቀላል ባልሆነ ነበር።

ካልዲ የሚለውን ስም ለዓለም ያዳረሰው ደግሞ፣ ዊልያም ዩከርስ የተባለ አሜሪካዊ በ1922 እ.ኤ.አ. ስለ ቡና ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ያካተተው የፈረንሳይ ቅጂ ነው። ከናይሮን መጽሐፍ እስከዚህ ድረስ ከ250 ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የትረካው አጥንት አልተለወጠም፦ እረኛ፣ የሚቅበጠበጥ መንጋ፣ የሃይማኖት አባት፣ እሳትና እንቅልፍ ማጣት። ሥጋው፣ ማለትም ስሙ፣ አገሩ፣ የእንስሳው ዓይነት፣ እንደ ተናጋሪው ተለዋውጧል። በቃል የሚተላለፍ ትረካ ባሕርይ ይህ መሆኑን ሚልማን ፓሪና ተማሪው አልበርት ሎርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩጎዝላቪያ ዘፋኞች ላይ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል፤ እነዚያ ዘፋኞች በሺዎች የሚቆጠሩ ስንኞችን እያንዳንዱን ቃል ሳይሸመድዱ፣ በተዘጋጁ ሐረጎችና በታወቁ ትዕይንቶች እየተመሩ እዚያው ይደረድሩ ነበር። እዚያው መፍጠር ማለት ያለ ሥርዓት መፍጠር አልነበረም።

ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የግእዝ ቅኔ በሚሰጥበት ጉባኤ፣ ሁለቱ መንገዶች ስም ተሰጥቷቸው በአንድ ቀን ውስጥ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ በጫካ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን የሚያሰላስልበትና የሚያዋቅርበት ሥራ ቆጠራ ይባላል፤ ያሰናዳውን ለመምህሩ የሚያቀርብበትና የሚታረምበት ደግሞ ነገራ ነው። መምህሩ በበኩሉ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አዲስ ቅኔ እዚያው ሲያፈልቅ ዘረፋ ይባላል፤ ተማሪዎቹም እየተቀበሉ ያጠኑታል። በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ የጸናው ይህ ልማድ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፦ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ መቅረብ አለበት። ነገር ግን በዘረፋ የሚፈልቀውም ቢሆን ልቅ አይደለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ አለው፤ መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ ቤት መምቻው፣ ዜማውና ሰምና ወርቁ፣ ማለትም የላይኛውና የተሸሸገው ትርጉም የሚጣመሩበት አሠራር አስቀድሞ የታወቀ ነው። መምህሩ ያልተዘጋጀበት ነገር ይዘቱ ብቻ ነው፤ ዝግጅቱ ዓመታት ወስዷል።

በአማርኛ ኅትመት ውስጥ ደግሞ ዕቅዱ የበላይ የሆነበት ዘመን የተከፈተው፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ ናይሮን መጽሐፉን ባሳተመባት በሮም ነው፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1908 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚያች ከተማ ነበር። በጎጃም የቅኔ ትምህርት ያለፉት ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፣ ከቅኔ ቤት የወረሱትን ሀብት ወደ ረዥም ልብ ወለድ ሥራ ይዘው የገቡ ደራሲ ነበሩ።

የካፋ ታሪክ ራሱ ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠመውም። የካፋ መንግሥት በጽሑፍ ያልተመዘገበ፣ በአንደበት የሚጠበቅ ታሪክ ነበረው። ንጉሡ ታቶ ይባል ነበር፤ ሚክረቾ የሚባለው የአማካሪዎች ጉባኤም የንጉሡን ሥልጣን ይጋራ ነበር፤ የሚንጆ ነገድ ነገሥታት ከማቶ ነገድ በኋላ ወደ ሥልጣን እንደመጡ በትውፊት ይነገራል። በ1897 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርኮ መንግሥቱ ሲፈርስ፣ የዙፋኑን ታሪክ ለመናገር አጋጣሚ ይሰጥ የነበረው ሥርዓት አብሮ ተቋረጠ። ከ8 ዓመት በኋላ በ1905 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያው ተጓዥ ፍሪድሪሽ ቢበር ካፋን ጎበኘ፤ የሰበሰበውንም በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ አሳተመ። በቢበር መጽሐፍ የካፋ ነገሥታት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዳቸው የዘመን ቁጥር ተሰጥቷቸው በተራ ተሰልፈዋል። ይህ ሰልፍ ለአውሮጳ አንባቢ ታሪክ ማለት ምን እንደሆነ በሚያውቅ ሰው የተነደፈ ነው። በኋላ በተለይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ካፋ ውስጥ ያጠናው አምኖን ኦሬንት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ቃል መሠረት አድርጎ ከ1897 በፊት ያለውን ታሪክ እንደገና ማየት ያስፈልጋል ሲል የጻፈውም፣ የተጻፈው ሰልፍና የሚነገረው ትውፊት በቀላሉ ስላልገጠሙ ነው። ቢበር ባይጽፍ ብዙ ነገር እንደሚጠፋ የማይካድ ቢሆንም፣ በእርሱ ብዕር ያለፈ ነገር ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ እንዲኖረው ተገድዷል።

ማንኪራ ወደ ትረካው የገባው በዚህ ረዥም ጉዞ መጨረሻ ላይ ነው። በጫካው ውስጥ «እናት ቡና» የሚባል አሮጌ ዛፍ ለጎብኚ ይታያል፤ በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተገንብቷል፤ የካፋ የደን ሀብትም በ2010 እ.ኤ.አ. ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ይዞ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት አካባቢ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ወቅት የትረካው አሠራር ተገለበጠ ማለት ይቻላል። ቀድሞ እረኛው ከየት እንደሆነ ተናጋሪው እንደፈለገ ይለዋውጥ ነበር፤ አሁን ግን መድረሻው፣ ማለትም የትውልድ ቦታው፣ አስቀድሞ ተወስኖ ትረካው ወደዚያ እንዲያመራ ተደርጎ ይዘጋጃል። በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ የምትገኘው ጮጬም በዚያው እረኛና በዚያው ፍየል ላይ ተመሥርታ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች። ሁለቱ አካባቢዎች ስለ አጥንቱ አይከራከሩም፤ የሚከራከሩት ስለ መድረሻው ነው። ይህ ክርክር ለሁለቱም ወገን የገበያና የጎብኚ ጉዳይ በመሆኑ በታሪክ ማስረጃ ብቻ ይቋጫል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል።

የዕፅዋት ሳይንስ በበኩሉ ለሁለቱም ዛፍ አላቀረበም። አረቢካ የተባለው የቡና ዝርያ ከሁለት ሌሎች ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት ይህን መዳቀል ከዛሬ 600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያደርገዋል፤ ያኔ እረኛም መነኩሴም አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ ያለው የዘር ልዩነትም በካፋ፣ በጅማ፣ በቤንች ሸኮና በኢሉ አባቦር የተበተነ እንጂ በአንድ ጉብታ ላይ የተሰበሰበ አይደለም። የእረኛውን ትረካ የምትጋራው ጮጬ፣ ከተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የቡና ዓይነቶች በማሳ ላይ ተተክለው የሚጠበቁበት የዘር ማቆያ አላት፤ በዚህ ዓይነት ማቆያ ለእያንዳንዱ ናሙና የሚመዘገበው የተወሰደበት ቦታና ዘመን ነው።