የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት

አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የትውልድ አካባቢያቸውን በመኪና መንገድ ለማገናኘት በ1950ዎቹ ያቋቋሙት የልማት ማኅበር። ከዚያ በፊት ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ወደ ሌሎች የውስጥ ቀበሌዎች የሚደረገው ጉዞ በእግርና በበቅሎ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ወንዝ ሞልቶ መንገደኛ ያግዳል። ማኅበሩ ከመርካቶ ነጋዴ እስከ ቀን ሠራተኛ ድረስ መዋጮ ሰበሰበ፤ የአገር ቤቱ ገበሬም ገንዘብና ጉልበት ጨመረ፤ መንግሥትም አገዘ። በምሥራቁ በኩል ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላ ማኅበር ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ተነሣ።

ይህ ትብብር ከባዶ አልተነሣም። በጉራጌ መንደር በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ጀፎረ፣ ከጥንት ጀምሮ በነዋሪው ስምምነት የሚጠበቅ የጋራ መንገድ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ይካሄዳል፤ አጥር ገፍቶ የሚያጠብበው በሽማግሌ ይዳኛል። ማኅበሩን ያቆመው ይኸው ልማድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ድርጅቱ በኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት ተብሎ፣ ሥራውን ከመንገድ ወደ ትምህርት ቤትና ሌሎች የልማት ዘርፎች አስፍቷል።