አነስተኛ ፈጠራ፦ የወርክሾፕ ባለሙያ መብት

ዩቲሊቲ ሞዴል የሚባለው የአእምሯዊ ንብረት መብት በሕጋችን የአማርኛ ስም ካገኘ ቆይቷል፤ አነስተኛ ፈጠራ ይባላል። ስሙ የሚገኘው በ1987 ዓ.ም. በወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ነው። ለባለመብቱ የሚሰጠው ማስረጃ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይባላል። መብቱ የሚጠብቀው በነባር ዕቃ ወይም መሣሪያ ላይ የተደረገ አዲስና ጠቃሚ ማሻሻያን ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው እንደ ኮልፌ ቀራኒዮ ባሉ ክፍለ ከተሞች በየሼዱና በየወርክሾፑ ብረት የሚበይዱትንና እንጨት የሚያለዝቡትን ባለሙያዎች ነው። እንበልና አየር ጤና አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትሠራ ባለሙያ አለች። አክምባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ የጋጋሪዋን እጅ እንደሚያቃጥል ታያለች፤ እንፋሎቱን በኋላ በኩል የሚያስወጣ አዲስ ክዳን ትሠራለች። ምጣድም፣ አክምባሎም፣ ኤሌክትሪክም የእሷ ፈጠራ አይደሉም። ማሻሻያው ግን የእሷ ነው።

ይህች ባለሙያ ፓተንት ብትጠይቅ ሥራዋ አዲስ መሆኑና በኢንዱስትሪ ሊሠራ መቻሉ ብቻ አይበቃም፤ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው በቀላሉ የማይታሰብ መሆኑም ይመረመራል። ብዙ ጥሩ የወርክሾፕ ሥራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አነስተኛ ፈጠራ ይህን ሦስተኛ መመዘኛ አይጠይቅም። በምላሹ የጥበቃው ዘመን አጭር ነው። ፓተንት ለ15 ዓመት ተሰጥቶ በ5 ዓመት ሊራዘም ሲችል፣ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ግን ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

ሁሉም ለውጥ ግን አነስተኛ ፈጠራ አይሆንም። የታወቀን ዕቃ ቅርጽ፣ መጠን ወይም ጥሬ ዕቃ መቀየር ብቻውን አያስመዘግብም፤ ለውጡ የዕቃውን ጥራት ወይም አገልግሎት መለወጥ አለበት። የሸክላውን አክምባሎ በአሉሚኒየም መተካት ብቻውን አይበቃም፤ እንፋሎቱን የሚመራው መውጫ ግን አዲስ አገልግሎት አምጥቷል። የምጣዱ መልክና ጌጥ ከሆነ እንዲጠበቅ የሚፈለገው፣ መንገዱ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ነው። ምጣዱ ገበያ ላይ የሚታወቅበት ስምና አርማ ደግሞ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይመዘገባል። አንድ ምጣድ ሦስቱንም መብቶች ሊሸከም ይችላል።

የዚህ መብት ታሪክ ከእጅ ሥራ መሣሪያዎች ጋር የተያያዘ ነው። በጀርመን የንድፍ ሕጉ ውበት ላላቸው ቅርጾች ብቻ ነው ተብሎ በመተርጎሙ ለአገልግሎት የተሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ያለ ጥበቃ ቀሩ። ክፍተቱን ለመድፈን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ። ጃፓን በ1905 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ ኢንዱስትሪዋ ገና በእግሩ ሳይቆም የራሷ ባለሙያዎች ማሻሻያቸውን የሚያስመዘግቡበት በር ከፈተች። የእኛም አገር ፍላጎት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ማመልከቻው ፈጠራው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍና በሥዕል ያስረዳል፤ ጥበቃ የሚፈለግለትንም ክፍል ለይቶ ያሳያል። ሰርተፊኬቱ የሚሠራው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ያለ ፈቃድ አስመስሎ የሚሠራ ሲገኝ በፍርድ ቤት የሚከሰው ባለመብቱ ራሱ ስለሆነ ገበያውን መከታተልም የእሱ ድርሻ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ዕቃው በአደባባይ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ አዲስ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ ማመልከቻው ከባዛርና ከሱቅ መቅደም አለበት። ወጣቶችን በማኅበር የሚያደራጁና ሼድ የሚሰጡ የክፍለ ከተማና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ከመጀመሪያው የሥልጠና ቀን ጀምሮ ቢያስተምሩ ትልቅ ውለታ ይሆናል። አነስተኛ የተባለው ከነባሩ ዕቃ የተራመደው እርምጃ እንጂ የሥራው ጥቅም አይደለም። ያንን እርምጃ የተራመደ ባለሙያም የድካሙን ፍሬ ከአስመሳዩ ቀድሞ መብላት ይገባዋል።