መድፉን አወቅነው፤ አረሩንስ?

የአፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል የማያውቅ ወጣት አይገኝም፡፡ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሟል፤ ዋናው ደግሞ መቅደላ ላይ እንዳለ አለ፡፡ ችግሩ ሁላችንም ስለ መድፉ እንጂ መድፉ ስለሚጎርሰው አረር አለመጠየቃችን ነው፡፡ አረር የሌለው መድፍ ደግሞ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ትልቅ ሙቀጫ ነው፡፡

ነገሩ የሚጀምረው ከጭቃ ነው፡፡ ብረት ወይም ነሐስ ቀልጦ የሚፈስበት ሞልድ ያስፈልጋል፡፡ ሞልዱ በደንብ ካልደረቀ ውስጡ የቀረችው እርጥበት የቀለጠው ብረት ሲነካት በአንዴ እንፋሎት ትሆንና ሥራውን ከነሠራተኛው ትበትነዋለች፡፡ ብረት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሞልዱ ከሚፈለገው አረር ትንሽ መስፋት አለበት፡፡ አረሩ ከመድፉ አፍ ከሰፋ አይገባም፤ በጣም ከጠበበ የባሩዱ ግፊት በጎን ያመልጥና ዒላማው ይስታል፡፡ ጨዋታው ሁሉ የሚሊሜትር ነው፡፡

ይህ ትምህርት በአገራችን በትልቁ የተሞከረው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው፡፡ ንጉሡ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ቅዱስ ክሪስቾና ተልከው የመጡትን ባለሙያ ሚሲዮናውያን፣ እነ ቴዎፊል ቫልድማየርን፣ «መድፍ ሥሩልኝ» አሏቸው፡፡ ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነበር፤ መድፍ የት ያውቃሉ? ግን ንጉሥ ካለ አለ ነው፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፡፡ በኋላ ግን ተሳካ፤ የአገሩ ልጆችም አብረው እየሠሩ ሙያውን እንዲማሩ ተደረገ፡፡ መጨረሻ ላይ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ተወለደ፡፡ ስሙን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ስሟ ከገነነው የሩስያ ወደብ ነው፡፡

ከዚያስ? ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ፡፡ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ ጦርነቱ ሆነ፡፡ ከአምባው የተተኮሱት አረሮች አብዛኞቹ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፉ፤ አንድ ትልቅ መድፍም ሲተኮስ ፈነዳ፡፡ ከኢትዮጵያውያን 700 ገደማ ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት 2 ብቻ ናቸው፡፡ እነዚያ የያዙት ስናይደር ጠመንጃ ጥይቱ ከፋብሪካ የወጣ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ነበር፡፡ በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ራሳቸውን አጠፉ፡፡ ሚሲዮናውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋት ሥራም በዚያው ቀረ፡፡

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለወጠ፤ መሥራት ቀርቶ መግዛት ሆነ፡፡ አፄ ምኒልክ ጠመንጃውን ከነጥይቱ ከአውሮፓ አስመጡ፡፡ የተገዛው መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ ወላይታ በ1887 ዓ.ም. አይታዋለች፡፡ የንጉሥ ጦና ሠራዊት በጦርና በጋሻ፣ በተቆፈረ ቦይ ተከላከለ፤ አልቻለም፡፡ ጦና ቆስለው ተማረኩ፡፡ ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ዘመቻውን አብሮ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ የሚያኮራ ንባብ አይደለም፡፡ ያው የተገዛ መሣሪያ በዓመቱ አድዋ ላይ ጣሊያንን አሸነፈ፡፡ ታሪካችን እንዲህ ነው፤ አንዱን ገጽ አንብቦ ሌላውን መዝለል አይቻልም፡፡

አሁን ወደ ሶዶ ልምጣ፡፡ የወላይታን ጦር ጫፍ የቀጠቀጠው ማን ነው? ወጋቼ የሚባለው ብረት ሠሪ፡፡ ጭቃ አቡክቶ፣ አድርቆ፣ ሳይሰነጠቅ እሳት የሚያስችለውስ? ቺናሻ የሚባለው ሸክላ ሠሪ፡፡ የጋፋት ሰዎች በስንት ውድቀት የተማሩት፣ ጭቃን ከእሳት ጋር ማስማማት፣ የእነዚህ ሰዎች የዕለት እንጀራ ነው፡፡ ታዲያ ምን አደረግናቸው? ገበያ ላይ ማሰሮአቸውን ገዛን፤ ልጃቸውን ግን አናገባም አልን፡፡ በሰሜኑም ያው ነው፤ ብረት ሠሪው «ቡዳ» ተባለ፡፡ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፡፡ አዋጅ ግን የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ አያጸዳም፡፡

«ቴዎድሮስ ቢኖሩ ዛሬ ስንት ፋብሪካ በኖረን» ማለት እንወዳለን፡፡ ፋብሪካ ግን በአንድ ንጉሥ ቁጣ አይቆምም፡፡ አባት ለልጁ፣ ልጅ ለልጅ ልጁ ሳያፍር የሚያወርሰው ሙያ ይፈልጋል፡፡ ጋፋት ላይ የተማሩት ልጆች ስማቸው እንኳ አልተጻፈልንም፡፡ የሶዶ ሸክላ ሠሪ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእናቱን ሥራ ሲጠየቅ ዝም የሚል ከሆነ፣ ያ ዝምታ የተማረው ከማን እንደሆነ እኛው እናውቃለን፡፡